አደገኛ ተሕዋሲያን የሚጠኑባቸው ቤተ ሙከራዎች በምሥራቅ አፍሪካ፦ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ማን ይጠብቃቸዋል?

የሱዳን ጦርነት በተቀሰቀሰ በአሥረኛው ቀን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 25/2023፣ በአገሪቱ የዓለም ጤና ድርጅት ተወካይ የነበሩት ዶክተር ኒማ ሳዒድ አቢድ ለጄኔቫ ጋዜጠኞች አንድ አስደንጋጭ ዜና ነገሩ። ከተፋላሚዎቹ ወገኖች አንዱ በካርቱም የሚገኘውን ማዕከላዊ የኅብረተሰብ ጤና ቤተ ሙከራ ተቆጣጥሮ ባለሙያዎቹን አስወጥቷል። በውስጡ የፖሊዮ፣ የኩፍኝና የኮሌራ ናሙናዎች ነበሩ። ተወካዩ ሁኔታውን ከፍተኛ ሥነ ሕይወታዊ አደጋ ያዘለ ሲሉ ገለጹት።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ከምሥራቅ ኮንጎ ተሰማ። በጥር 2025 የኤም23 አማጽያን ወደ ጎማ ሲገቡ፣ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በከተማዋ ለሚገኘው የብሔራዊው የሥነ ሕይወት ሕክምና ምርምር ተቋም ቤተ ሙከራ መስጋቱን አስታወቀ። ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ፣ የኢቦላን ጨምሮ በዚያ የተከማቹት ናሙናዎች ምን ይሆናሉ የሚል ነበር ጥያቄው።

በሁለቱም ከተሞች ያስፈራው ጥይት ግድግዳውን መብሳቱ ብቻ አልነበረም። ቤተ ሙከራውን የሚያውቁት ሰዎች መግባት አለመቻላቸውና የመብራቱ ነገር አስተማማኝ አለመሆኑ ነበር። እንዲህ ያለ ተቋም በኮንክሪቱ ጥንካሬ ብቻ አይጠበቅም። በየቀኑ በሚገባ ሠራተኛ፣ በማይቋረጥ ኃይልና በወቅቱ በሚቀየር ዕቃ ይጠበቃል። ከሦስቱ አንዱ ሲጓደል፣ ጦርነት ባይኖርም አደጋው አለ።

በካርቱም ጉዳይ ላይ አንድ ማስተካከያ ማስፈለጉ ግን አልቀረም። ኩፍኝም ኮሌራም ቀድሞውኑ በአገሪቱ ሕዝብ መካከል የነበሩ በሽታዎች ናቸው። ስለዚህ ቅርቡ አደጋ የተጋረጠው ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ብልቃጦቹን ሊነካካ በሚችለው ታጣቂ ላይ ነበር። ከዚያ የከፋው ጉዳት ቀስ ብሎ የመጣው ነው፤ አገሪቱ ኮሌራና ኩፍኝ በተዛመቱባት ወራት ወረርሽኙን የምታይበትን ዓይን አጥታ ቆየች። ብዙውን ጊዜ ስለነዚህ ቤተ ሙከራዎች የሚነገረው ከውስጣቸው ሊወጣ ስለሚችለው ነገር ነው። ሥራ ሲያቆሙ ስለሚቀረው ነገር የሚነገረው ጥቂት ነው።

የማይታየው ግድግዳ

ቤተ ሙከራዎች በተለምዶ ከአንድ እስከ አራት ባሉ የደኅንነት ደረጃዎች ይመደባሉ። ደረጃ ሦስት እንደ ሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ ሊተላለፉ የሚችሉ አደገኛ ተሕዋሲያን በብዛት የሚራቡበት ነው። ደረጃ አራት ደግሞ እንደ ኢቦላና ማርበርግ ላሉ፣ ገዳይ ለሆኑና ሕክምናቸው ውስን ለሆነ ቫይረሶች የተተወ ነው። በአፍሪካ ደረጃ አራት ቤተ ሙከራ በማስተዳደር የሚታወቁት ሁለት ተቋማት ናቸው፤ በጆሃንስበርግ የሚገኘው የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የተላላፊ በሽታዎች ተቋምና በጋቦን ፍራንስቪል የሚገኘው የምርምር ማዕከል። በዓለም ዙሪያ ግን ቁጥራቸው ከ50 በላይ ደርሷል። ምሥራቅ አፍሪካ ያሏት ደረጃ ሦስት የሆኑት ናቸው። በኢንቴቤ፣ በናይሮቢ፣ በአዲስ አበባና በሰበታ ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ የሰው፣ ሌሎቹ የእንስሳት በሽታ ያጠናሉ።

ወደ ደረጃ ሦስት ክፍል የሚገባ ሰው በሁለት በሮች ያልፋል። አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። በሩ ሲከፈት አየር ከውጭ ወደ ውስጥ ይሳባል እንጂ ከውስጥ ወደ ውጭ አይነፍስም፤ የክፍሉ የአየር ግፊት ከመተላለፊያው ያነሰ ሆኖ እንዲቆይ ስለሚደረግ ነው። ይህ የግፊት ልዩነት በጣም ትንሽ ነው፤ ሰው በቆዳው አይሰማውም። ግን የደኅንነቱ እምብርት እሱ ነው። ከክፍሉ የሚወጣው አየር ሄፓ በሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ ማጣሪያው 0.3 ማይክሮን ስፋት ካላቸው ብናኞች 99.97 በመቶውን እንዲያስቀር ተደርጎ ይሠራል። ቆሻሻው በር ላይ በተገጠመ አውቶክሌቭ፣ ማለትም በግፊት በታመቀ እንፋሎት፣ ካልተቀቀለ ከክፍሉ አይወጣም። በየተቋሙ አሠራር መሠረት የእጅና የገላ መታጠቢያው ውኃ ጭምር በሙቀት ወይም በኬሚካል መክኖ ነው ወደ ፍሳሽ የሚለቀቀው።

እያንዳንዱ ነገር ያረጃል። ማጣሪያ በአቧራ ይደፈናል። የአየር ማራገቢያው ሞተር ይደክማል፤ የበሩ ጎማ ይሰነጠቃል፤ ግፊት የሚለካው መሣሪያ ልኩን ይስታል። ባለሙያው እጁን አስገብቶ የሚሠራበት የባዮሴፍቲ ካቢኔት በየዓመቱ በሠለጠነ መርማሪ ተለክቶ ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። ማጣሪያ መቀየር ራሱ እንደ መኪና ፊልተር ተነቅሎ የሚተካ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ ሥራ ይቆማል፤ ክፍሉ ወይም ማጣሪያው ያለበት ሳጥን በሚያመክን ጋዝ ይታጠናል፤ ቀጥሎ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል፤ በመጨረሻም ስንጥቅ እንደሌለው ይፈተሻል። ይህን የሚሠራ ሰው ሐኪምም ተመራማሪም አይደለም። መሐንዲስ ወይም ቴክኒሺያን ነው። በምርምር ጽሑፎች ላይ ስሙ አይጠቀስም፤ በበጀት ሰንጠረዥም ላይ ብዙ ጊዜ የለም።

ኢንቴቤ፦ ቤተ ሙከራ የሚያተርፈው ጊዜ

ለእንዲህ ያለ ወጪ ምን ይገኛል ለሚለው ጥያቄ ኡጋንዳ የተሻለውን መልስ ትሰጣለች። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ፣ በኢንቴቤ የሚገኘው የቫይረስ ምርምር ተቋም በ1936 በሮክፌለር ፋውንዴሽን የተቋቋመው ለቢጫ ወባ ጥናት ነበር። የዚካ ቫይረስ በ1947 ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየው በዚያው አቅራቢያ ካለው የዚካ ደን ነው። ከነጻነት በኋላ ግን ተቋሙ በአገሪቱ የፖለቲካ ቀውስ ተዳክሞ ቆየ።

በ2000 በሰሜን ኡጋንዳ ጉሉ ኢቦላ ሲነሣ ናሙናው የተመረመረው በደቡብ አፍሪካ ነበር። ከ400 በላይ ሰዎች ተይዘው 224 ሞቱ። በ2007 በምዕራብ ኡጋንዳ ቡንዲቡግዮ ሰዎች መታመም የጀመሩት በነሐሴ ገደማ ሲሆን፣ በሽታው አዲስ የኢቦላ ዝርያ መሆኑ የታወቀው ናሙናው ወደ አሜሪካ ተልኮ፣ ኅዳር ላይ ነው። በ2010 በኢንቴቤ የደም መፍሰስ የሚያስከትሉ ትኩሳቶችን የሚከታተል ቤተ ሙከራ በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ድጋፍ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ተለወጠ። በመስከረም 2022 ከሙቤንዴ የመጣው ናሙና የሱዳን ዝርያ የኢቦላ ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በቀናት ውስጥ ነው። ወረርሽኙ አልቀለለም፤ በምርመራ ከተረጋገጡት 142 ሕሙማን 55ቱ ሞተዋል። ሆኖም መንግሥት ምን እየተዋጋ እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ወር አልጠበቀም።

ኢትዮጵያም ይህን ልዩነት ታውቀዋለች። በ2020 መጀመሪያ፣ ኮቪድ ከቻይና ውጭ መታየት ሲጀምር፣ የመጀመሪያዎቹ ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የተላከው። ሳምንታት ሳያልፉ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በራሱ መመርመር ጀመረ። በኅዳር 2025 በደቡብ ኢትዮጵያ ጂንካ የታየው በሽታ ማርበርግ መሆኑ ሲታወቅ ምርመራውን ያካሄደው ይኸው አገር በቀል ተቋም ነው። አንድ አገር ናሙናዋን በአውሮፕላን ልካ መልስ የምትጠብቅባቸው ቀናት፣ አስታማሚዎችና ነርሶች ያለ ጓንት የሚሠሩባቸው ቀናት መሆናቸውን ያየ፣ የቤተ ሙከራን ዋጋ በሌላ ሚዛን ለመመዘን ይቸገራል።

ከመርካ እስከ በርሚንግሃም

ይሁን እንጂ ተሕዋሲያንን ማስቀመጥ የራሱ ታሪክ አለው፤ የታሪኩ አንድ ጫፍም ከአፍሪካ ቀንድ ጋር የተያያዘ ነው። በተፈጥሮ የተላለፈ ፈንጣጣ በዓለም ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በጥቅምት 1977 በሶማሊያ መርካ ከተማ፣ በአንድ የሆስፒታል ወጥ ሠሪ ላይ ነው። ሰውየው ዳነ። በኢትዮጵያና በሶማሊያ ክትባት ይዘው በእግር መንደር ለመንደር የዞሩ ሠራተኞች ድካም ፍሬ አፈራ ተባለ።

ዓመት ሳይሞላ፣ በ1978 የበጋ ወር፣ ፈንጣጣ በእንግሊዝ በርሚንግሃም ታየ። የተያዘችው የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት ፎቶግራፍ አንሺ ስትሆን፣ የምትሠራው ቫይረሱ ከሚጠናበት ቤተ ሙከራ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነበር። ሞተች። ቫይረሱ በምን መንገድ እንደደረሳት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የመንግሥት አጣሪ የአየር ማስተላለፊያውን ጠርጥሯል፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ከቀረበበት ክስ በፍርድ ቤት ነጻ ወጥቷል። የማያከራክረው ሌላው ነገር ነው። ቤተ ሙከራው የጊዜውን መስፈርት እንደማያሟላ ተነግሮ ነበር፤ ነገር ግን በዓመቱ መጨረሻ ሊዘጋ ስለታቀደ ለማሻሻያ ገንዘብ አልወጣበትም። ሊዘጋ ለተቃረበ ቤት ማን ገንዘብ ያወጣል የሚለው አስተሳሰብ በየትኛውም አገር ያለ የበጀት ሹም የሚስማማበት ነው።

በ2007 በደቡብ እንግሊዝ የሆነው ደግሞ ከዚህም ይበልጥ ተራ ነው። በፐርብራይት፣ የመንግሥት የእንስሳት ጤና ተቋምና አንድ የግል የክትባት ፋብሪካ በአንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በነሐሴ ወር በአቅራቢያው ባሉ እርሻዎች የአፍተግር በሽታ ተነሣ። ምርመራው ጣቱን የቀሰረው ከመሬት በታች ባለ የፍሳሽ ቱቦ ላይ ነው፦ አርጅቷል፤ ተሰንጥቋል፤ የዛፍ ሥር ገብቶበታል። በዚያ ክረምት ከባድ ዝናብ ጥሎ አፈሩ ርሶ ነበር፤ በግቢው የግንባታ ሥራ ላይ የነበሩ ከባድ ተሽከርካሪዎችም የተበከለውን አፈር በጎማቸው ይዘው ሳይወጡ እንዳልቀሩ መርማሪዎቹ ደመደሙ። ቱቦው መቀየር እንዳለበት ለዓመታት ይታወቅ ነበር። ያዘገየው ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው አለመግባባት ነው።

ይህ የሆነው ገንዘብና መሐንዲስ በማያጡ አገር ነው። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ስቨርድሎቭስክ በ1979 ከአንድ ወታደራዊ ተቋም የወጣ የአባሰንጋ ብናኝ ከ60 በላይ ሰዎችን ሲገድልም፣ ኋላ ከፕሮግራሙ ኃላፊዎች አንዱ እንደተረኩት፣ መነሻው ለጥገና ተነሥቶ ሳይመለስ የቀረ ማጣሪያ ነበር።

መብራት ሲጠፋ

እነዚህን ታሪኮች ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲያመጧቸው መጀመሪያ የሚገጥመው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ኃይል ሲቋረጥ ማራገቢያው ይቆማል፤ ያ ትንሹ የግፊት ልዩነት በአፍታ ይጠፋል፤ ውስጥ ያለው ሰው ሥራውን ዘግቶ መውጣት አለበት። ለዚህ ነው ጄኔሬተር፣ በጄኔሬተሩና በመሥመሩ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ የባትሪ ሥርዓት፣ ደግሞም ሁለተኛ ጄኔሬተር የሚያስፈልገው። ጄኔሬተር መኖሩና መነሣቱ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በነሐሴ 2023 ኬንያ በሙሉ ጨለማ ስትውጥ፣ በአገሪቱ ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ አንደኛው ተርሚናል መጠባበቂያ ጄኔሬተሩ አልነሣም ብሎ መንገደኞች በጨለማ ተቀምጠው አምሽተዋል። ሚኒስትሩ ይቅርታ ጠየቁ። በአውሮፕላን ማረፊያ ይህ ውርደት ነው፤ በደረጃ ሦስት ቤተ ሙከራ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሁለተኛው መለዋወጫ ነው። የአየር መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር፣ ማጣሪያው፣ የአውቶክሌቩ ቫልቭ፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ ወይም ከእስያ የሚመጡ ናቸው። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ፣ የጉምሩክ ውጣ ውረድና የመንግሥት የግዥ ሕግ ተደማምረው የአንድ ጎማ መግዣ ጊዜን ከአንድ የበጀት ዓመት ወደ ሌላው ሊያሻግሩት ይችላሉ። የግዥ ኮሚቴው ሦስት ዋጋ ማቅረቢያ ይጠይቃል፤ ዕቃውን የሚሠራው ግን በዓለም አንድ ፋብሪካ ብቻ ሊሆን ይችላል። መሣሪያዎቹ ከተለያዩ ለጋሾች በስጦታ ከመጡ ችግሩ ይበዛል፤ የአንዱ አገር ዕቃ ለሌላው አገር መሣሪያ አይገጥምም።

ሦስተኛው ሰው ነው፤ ምናልባትም ከሁሉ የሚከብደው። የባዮሴፍቲ ካቢኔት መርምሮ ማረጋገጫ መስጠት የሚችሉ ባለሙያዎች በአህጉሩ ጥቂት በመሆናቸው፣ መርማሪ ከሌላ አገር ማስመጣት የተለመደ ሆኖ ቆይቷል። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይህን ክፍተት በመገንዘብ የባዮሴፍቲ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥንና ማረጋገጫ የሚሰጥ አህጉራዊ መርሐ ግብር ጀምሯል፤ የካቢኔት ምርመራ፣ የቆሻሻ አያያዝና የቤተ ሙከራ ጥገና በዘርፍ በዘርፍ ይሰጣሉ። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን የሠለጠነው ቴክኒሺያን በመንግሥት የደመወዝ እርከን ላይ ይቆያል ወይ? የማቀዝቀዣና የአየር ሥርዓት የሚያውቅ ሰው በሆቴል፣ በመድኃኒት ፋብሪካ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገራት የተሻለ ይከፈለዋል። እሱ ሲሄድ፣ የትኛው ቫልቭ እንደሚያስቸግር፣ የትኛው ማስጠንቀቂያ ደወል በሐሰት እንደሚጮህ የሚያውቀው ሰው ሄደ ማለት ነው።

የገንዘቡ ምንጭ ደግሞ ሁሉንም ያስተሳስራል። የሶቪየት ኅብረትን የጦር መሣሪያ ቅሪት ለማስወገድ በ1991 የተጀመረው የአሜሪካ መርሐ ግብር፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት ሴናተር ሪቻርድ ሉጋር በ2010 ከፔንታጎን ባለሙያዎች ጋር ኡጋንዳንና ኬንያን ሲጎበኙ፣ ፊቱን ወደ አፍሪካ ቤተ ሙከራዎች አዙሮ ነበር። የጀርመን መንግሥት ለምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ተንቀሳቃሽ ቤተ ሙከራዎች ሰጥቷል። ቻይና የአህጉራዊውን ማዕከል ዋና መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ላይ ገንብታ በጥር 2023 አስመርቃለች። ለጋሽ መገንባት ይወዳል፤ ሕንጻ ፎቶ ይነሣል። ለአምስት ዓመት ማጣሪያ የሚገዛ ለጋሽ ማግኘት ግን ያዳግታል፤ ተቀባዩ መንግሥትም በስጦታ ለመጣ ነገር ዓመታዊ በጀት መያዝን እንደ ተጨማሪ ሸክም ነው የሚያየው።

በጥር 2025 ዋሽንግተን የውጭ እርዳታን ስታቆም የዚህ አሠራር ጉዳት ገሃድ ወጣ። ከእገዳው አሥር ቀን በኋላ፣ ጥር 30፣ ኡጋንዳ በካምፓላ የሱዳን ዝርያ ኢቦላ መነሣቱን አወጀች። ቤተ ሙከራው ሥራውን ሠራ፤ ቫይረሱ ተለየ፤ ወረርሽኙም በሚያዝያ መጨረሻ ማብቃቱ ታወጀ። ከናሙና ማጓጓዣ እስከ ሠራተኛ ደመወዝ ያለው ወጪ በአንድ የውጭ መዲና በሚፈረም ትእዛዝ ሊቋረጥ እንደሚችል ግን ከዚያ ወዲህ ማንም የጤና ሚኒስትር አላውቅም ሊል አይችልም።

የግድ ትልቁ ያስፈልጋል?

ከዚህ ሁሉ አንጻር ቀጣናው ተጨማሪ፣ ምናልባትም ደረጃ አራት የሆነ ቤተ ሙከራ ያስፈልገዋል የሚለው ክርክር በጥንቃቄ መታየት አለበት። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ኢቦላና ማርበርግ የሚነሡት በዚህ ምድር ነው፤ ቫይረሱን በሕይወቱ አራብቶ ማጥናት የሚቻለው ግን ከቀጣናው ውጭ ብቻ መሆኑ ተመራማሪዎችን ያንገበግባል። በታመመው ሰው ደም ላይ የሚጻፈው የምርምር ጽሑፍ የሌላ አገር ሆኖ ይቀራል።

ሆኖም ለመመርመርና ለማጥናት የሚያስፈልገው አንድ ዓይነት አይደለም። ናሙናው እንደደረሰ ቫይረሱን በኬሚካል ገድሎ ዘረመሉን ብቻ መፈተሽ ይቻላል፤ በወረርሽኝ ጊዜ የሚካሄደው ምርመራ በአብዛኛው ይኸው ነው። ሳንባ ነቀርሳን የሚለየው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ በወረዳ ሆስፒታል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ቀድሞ ባክቴሪያውን ለሳምንታት ማራባት ይጠይቅ የነበረውን ምርመራ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጨርሳል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ2020 ለስድስት አባላቱ ያከፋፈላቸው ዘጠኝ ተንቀሳቃሽ ቤተ ሙከራዎችም ድንበር ላይ ቆመው የጭነት መኪና ሹፌሮችን ሲመረምሩ፣ ከብዙ ቋሚ ሕንጻዎች ያላነሰ ጥቅም ሰጥተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2020 ባወጣው አራተኛው የባዮሴፍቲ መመሪያ ከደረጃ ቁጥሮች ወደ ኋላ አፈግፍጓል። መመሪያው ትኩረቱን ከክፍሉ ወደ ሥራው አዙሯል፤ ምን እየተሠራ ነው፣ በማን፣ በምን ያህል መጠን ብሎ ይጠይቃል። ተግባራዊ ትርጉሙ ቀላል ነው፤ የሠለጠነ ሰውና በሚገባ የተያዘ ካቢኔት ብዙውን ሥራ ይሸፍናሉ፤ ማስተዳደር የማይቻል ውስብስብ ሕንጻ ግን የደኅንነት ስሜት እየሰጠ አደጋ ሊሆን ይችላል። ይህ አስተያየት ለድሀ አገራት የተዘጋጀ ርካሽ አማራጭ ነው ብለው የሚጠረጥሩ አሉ። ጥርጣሬያቸው ከታሪክ የመጣ ነው። ግን በ1978 በርሚንግሃም፣ በ2007 ፐርብራይት የታየው፣ ሀብታሞቹም ያላቸውን መጠበቅ እንደሚያቅታቸው ነው።

ያነሰ ማስቀመጥ

ሌላው መፍትሔ ገንዘብ አይጠይቅም ማለት ይቻላል፤ የማያስፈልገውን አለማስቀመጥ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ለኢትዮጵያውያን ታሪክ ቅርብ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ከኤርትራ ጠረፍ የገባው የከብት ደስታ በሽታ የበሬውን ዘር ሊያጠፋው ተቃርቦ፣ ገበሬው የሚያርስበት አጥቶ፣ አገሩ ክፉ ቀን ተብሎ በሚታወሰው ረሀብ አለቀ። ያው በሽታ በ2011 ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው።

ከብቱን ለቀቀ እንጂ ቫይረሱ ግን በዓለም ዙሪያ በማቀዝቀዣዎች ውስጥ ነበር። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ያሉትን ናሙናዎች ወደ ጥቂት የተፈቀደላቸው ተቋማት እንዲሰበሰቡ፣ የቀሩትም እንዲወገዱ ዘመቻ ጀመሩ። ከተፈቀደላቸው አንዱ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል፣ ፓንቫክ ነው። ክፉ ቀንን ያመጣው በሽታ መድኃኒቱ ዛሬ በዚያው አገር ተቆልፎበት ይጠበቃል። የአፍተግር ቫይረስ ያመለጠው የፐርብራይት ተቋም ደግሞ በ2019 ከ3,000 በላይ የነበሩ የደስታ በሽታ ናሙና ብልቃጦቹን ዘረመላቸውን መዝግቦ አቃጠላቸው። መረጃው ቀረ፤ ሕይወት ያለው ነገር ጠፋ።

ለኢቦላና ለማርበርግ ይህን መንገድ መከተል ግን ፖለቲካ አለበት። በ2014ቱ የምዕራብ አፍሪካ ወረርሽኝ የተሰበሰቡ ብዙ ናሙናዎች ወደ ውጭ መውጣታቸው ዛሬም ቅሬታ ነው። የራሱን አስወግዶ የሌላው ሲከማች ዝም ማለት ለየትኛውም መንግሥት ከባድ ነው። አደጋ እንዳያስከትል ይውደም የሚባለው ብልቃጥ ለነገ ክትባት መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ባለቤቱ ማን ነው? ምናልባት መካከለኛው መንገድ ቢሾፍቱ ላይ የታየው ነው፦ አንድ አህጉራዊ ተቋም፣ በግልጽ መዝገብ፣ በጋራ በጀት። እንዲህ ያለ ዝግጅት ለሰው ቫይረሶች ገና አልተፈጠረም።

መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው። በክልሉ ማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን ላይ የውጭ ኃይሎች በድብቅ በሽታ የሚያመርቱባቸው ቤቶች አሉ የሚል ወሬ በየወረርሽኙ ይነሣል። ወሬው የሚበላው ዝምታን ነው። በአብዛኞቹ የቀጣናው አገራት የትኛው ቤተ ሙከራ ምን እንዳለው የሚያውቅ፣ ያለማስጠንቀቂያ ገብቶ የሚፈትሽና የሚዘጋ፣ ከጤናና ከግብርና ሚኒስቴር ነጻ የሆነ አካል የለም ወይም በሕግ ቢኖርም አቅም አልተሰጠውም። ራሱን የሚፈትሽ ቤተ ሙከራ ውጤቱ ጥሩ ቢሆን እንኳ የሚያምነው ያጣል።

የካርቱሙ ቤተ ሙከራ ባለሙያዎች ብዙዎቹ እንደ ሌላው ነዋሪ ተሰደዋል፤ አንዳንዶቹ ፖርት ሱዳን፣ አንዳንዶቹ ካይሮ፣ ሌሎቹ ደግሞ ከዚያም ርቀው። ከተማዋ በመጋቢት 2025 እንደገና በጦር ሠራዊቱ እጅ ከገባች ወዲህ ስለ መልሶ ግንባታ ይነገራል። ሕንጻውን ለመጠገን ለጋሽ አይጠፋ ይሆናል። የበሩን ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የማቀዝቀዣዎቹን ይዘት፣ የቱቦዎቹን መንገድና የጄኔሬተሩን ጠባይ የሚያውቁት ሰዎች በምን ደመወዝ፣ በምን ዋስትና ይመለሳሉ የሚለው ግን በየትኛውም የመልሶ ግንባታ ዕቅድ ውስጥ መጀመሪያ መጻፍ ያለበት መሥመር ነው።